የበልግ ሳምንት ትንበያ ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይዘልቃል፤ ጠባዩ ግን አይጨበጥም። ሦስት ቀን አከታትሎ ያዘንብና ሳምንት ሙሉ ይጠፋል፣ ከዚያ ሳይታሰብ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ሳምንት ትንበያ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ያስፈልጋል። ትንበያው ልክ ሆኖ ሳለ በአነባበባችን የተነሳ የምንጎዳበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የሚደጋገሙትን ስህተቶች ልጥቀስ።

የመጀመሪያውን ዶፍ የበልግ መግቢያ ማድረግ

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄ ነው። መንዝ ወይም ደላንታ ላይ የበልግ ገብስ የሚዘራ ገበሬ አንድ ጥሩ ዝናብ ሲጥልለት በሬውን ጠምዶ ቢወጣ አይፈረድበትም። ወቅቱ አጭር ነው፤ የዘገየ ገብስ ሳይደርስ ክረምት ይገባበታል። ነገር ግን ባለሙያዎች በልግ ገባ ለማለት በአብዛኛው ሁለት ነገር ያያሉ። አንደኛው በሦስት ተከታታይ ቀናት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ያህል መዝነቡ ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ በቀጣዮቹ ሳምንታት ረዘም ያለ ደረቅ ጊዜ አለመከተሉ ነው። ሥሩን ያልሰደደ ቡቃያ አሥር ቀን ፀሐይ ከመታው ይጠወልጋል። ዘሩ ይባክናል፣ የበሬው ጉልበትም አብሮ ይሄዳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚዘራ ዘር ጎተራ ውስጥ ያለው ደግሞ ስንቱ ነው?

ስለዚህ ከመዝራት በፊት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያ መጠየቅ ይገባል፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሊያገኘው ይችላል። ከዚያ ማሳውን ራሱን ማየት። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሮ ከታች ያለውን አፈር በእጅ መጨበጥ ነው። ላይ ላዩ ጭቃ ሆኖ ከሥር አቧራ ከወጣ፣ ዝናቡ ገና አልዘለቀም። ከታች ያለውም ሲጨብጡት ከተያያዘና እጅን ካረጠበ እርጥበት አለ ማለት ነው። የሚሊ ሜትሩ ነገር ለሚያደናግረው ሰው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። 20 ሚሊ ሜትር ሲባል ሩብ ሄክታር ማሳ ላይ 50,000 ሊትር ወርዷል ማለት ነው።

«እኛ ጋ አልዘነበም» ብሎ ከጎርፍ መዘናጋት

ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የሌለው አሸዋማ መሄጃ ነው፤ ሰውም ከብትም ይሻገርበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ግን የሐረርጌ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት ወርዶ ከተማዋን መታት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያ በክረምት ነው፤ ሆኖም ለድሬዳዋ ሚያዝያም የዝናብ ወር ስለሆነ የበልጉም አደጋ ያው ነው። ዋቢ ሸበሌ ደግሞ ጊዜ ይሰጣል። ባሌና አርሲ ደጋ ላይ የዘነበው ታች ሶማሌ ክልል ውስጥ ያሉት ቀላፎና ሙስታሂል የሚደርሰው ከቀናት በኋላ፣ ምናልባትም ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ከራሱ ከተማ በፊት የደጋውን ትንበያ ያንብብ። በመግለጫዎቹ ውስጥ «ከባድ ዝናብ» የሚባለው በ24 ሰዓት 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው ነው፤ ይህን ቃል ሲያይ ከብቱንና ልጆቹን ከወንዙ ያርቅ።

ድርቅ የቆየበት አካባቢ ጎርፍ አያሰጋውም የሚለውም እንዲሁ ስህተት ነው። ቦረናና ሶማሌ ክልል ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከከሸፈባቸው በኋላ፣ በመጋቢት 2015 ዝናቡ ሲመለስ ጎርፍ ይዞ መጣ። ሣር ያልሸፈነው፣ የደረቀ መሬት ውሃውን ቶሎ አይጠጣም። በረሃብ የከሳ ከብትም ብርዱንና ጎርፉን አይችልም።

60 በመቶን «ይዘንባል» ብሎ ማንበብ

ዝናብ የመጣል ዕድሉ 60 በመቶ ነው የተባለበትን ቀን አሥር ጊዜ ብንሰበስብ፣ አራቱ ሳይዘንብባቸው ያልፋሉ ማለት ነው። መቶኛው ዝናቡ ቀላል ይሁን ከባድ አይናገርም፤ ለዚያ ሚሊ ሜትሩን ማየት ነው።

ሰዓቱን ማምታታት

የስልክ ትንበያ 15:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። 3:00 ሲል ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እንጂ ጠዋት ሦስት ሰዓት አይደለም። የበልግ ነጎድጓድ በብዙ ቦታ የሚነሳው ምድሩ ከሞቀ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ነው። እናም ይህን ያምታታ ሰው ልብሱን የሚያሰጣው፣ ለቅሶ ድንኳኑን የሚያነሳው ልክ ዶፉ በሚመጣበት ሰዓት ይሆናል።

ለሰፊ አገር አንድ ቁጥር ማመን

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ደላንታ ላሉት አባቱ ደውሎ «አባባ፣ ስልኬ ነገ ዝናብ ነው ይላል፤ ይዝሩ» ይላል። ልጁ አሳቢ ነው፤ ስልኩ የሚያሳየው ግን በዓለም አቀፍ ሞዴል የተሰላ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቦታ አማካይ ነው። የበልግ ደመና ከዚያ ይጠባል። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን አቃቂ ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ጋ በረዶ ሲወርድ ሌላው ጋ አቧራ ሊነሳ ይችላል። ተራራና ገደል በበዛበት አገር አባትየው የሚያውቁት የነፋስ አቅጣጫና የደመና መነሻ ከስልኩ ጋር አብሮ መመዘን አለበት።

ቀን የሌለው ትንበያ ማስተላለፍ

ቴሌግራም ላይ «በዚህ ሳምንት ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ምስል ይዞራል፤ የየትኛው ሳምንት እንደሆነ ግን አይታወቅም። የበልግ ትንበያ ቶሎ ያረጃል። የበልግን እርጥበት በአብዛኛው የሚያመጣው ከአረቢያ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ በሞዛምቢክ በኩል አውሎ ነፋስ ከተነሳ ግን እርጥበቱን ወደ ደቡብ ሊስበው ይችላል። መጋቢት 2011 አውሎ ነፋስ ኢዳይ ሞዛምቢክን በመታበት ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ዘግይቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ትንበያ ይዞ ሥራን ማቀድ ይቻላል፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ቀን ግን ፍንጭ ብቻ ስለሆነ በየጠዋቱ እንደገና ይታይ። ቀኑ ያልተጻፈበትን ምስል ለማንም አታስተላልፉ።

ከመብረቅ ዛፍ ሥር መጠለል

እረኞች በዚህ ነው የሚጎዱት። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ መብረቅ ይስባል፤ ዝናቡ ቢያበሰብስም ከዛፉ መራቅ ይሻላል። ብልጭታውን አይቶ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ መቁጠር ነው፤ ሦስት ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ቀርቧል፤ ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መግባት፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይወጡ መቆየት ያስፈልጋል። ይህን ለልጆቻችን ከብት ከመንዳታቸው በፊት እንንገራቸው።