«ሀጂሜ ኖ ኢፖ»ን ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቦክስ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ስም «ሀጂሜ ኖ ኢፖ» ነው። ጆጂ ሞሪካዋ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚስለው ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ሲሆን ማድሃውስ ስቱዲዮ በ2000 ወደ አኒሜ አመጣው። ሆኖም «ሁለት ሰው ሲደባደብ ምን ይታያል?» ብሎ ከጥቂት ክፍል በኋላ የሚተወው ሰው አይጠፋም። እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ ከሚከተሉት ስህተቶች አንዱን የሠሩ ናቸው።

አንደኛው በዩቲዩብ ቁርጥራጭ መጀመር ነው። በዝረራ የሚያልቀውን ቅጽበት አስቀድሞ ያየ ሰው፣ ለዚያች አንዲት ቡጢ ሲባል የተከፈለውን ሁሉ ሳያውቅ ውጤቱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ከዚህ የባሰው ልምምዱን እየዘለሉ ማለፍ ነው። የታሪኩ ጀግና ኢፖ ቦክሰኛ መሆን እፈልጋለሁ ሲል ቦክሰኛው ታካሙራ የሰጠው ፈተና ከዛፍ የሚረግፉ አሥር ቅጠሎችን በእጁ እንዲይዝ ነው። እጅን በፍጥነት መዘርጋት ብቻ አያዋጣም፤ በዚያው ፍጥነት መመለስም ያስፈልጋል። ልጁ ሳያውቀው ጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጅ የሚሰነዘረውን ፈጣን ቀጥተኛ ቡጢ፣ እየተማረ ነበር። የእግሩና የወገቡ ጥንካሬም ከሰማይ አልወረደለትም። እናቱን እየረዳ በዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ላይ ከባድ ሣጥን ሲያነሳ፣ በሚናወጥ ወለል ላይ ሚዛኑን ሲጠብቅ ነው ያደገው። ይህን የዘለለ ተመልካች ሪንግ ላይ የሚያየውን ኃይል የደራሲ ችሮታ አድርጎ ይወስደዋል።

ቴክኒኮቹን እንደ አስማት መቁጠርም የተለመደ ነው። ስማቸው ሲጮህ የሌላ አኒሜ ልዩ ኃይል ይመስላሉ፤ መሠረታቸው ግን እውነተኛ ቦክስ ነው። ኢፖ እየተወዛወዘ ቡጢ የሚያዘንብበት «ዴምፕሲ ሮል» የተሰየመው ከ1919 እስከ 1926 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን በነበረው በጃክ ዴምፕሲ ነው። ኢፖ ሁለት እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ የሚከላከልበት «ፒካቡ» አቋም ማይክ ታይሰን የታወቀበት ነው። ከሁሉ የሚጥመኝ ግን አኒሜው የራሱን ጀግና መሣሪያ አለማሞካሸቱ ነው። ዴምፕሲ ሮል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚወዛወዝ ስለሆነ እንደ ሙዚቃ የሚደጋገም ምት (ሪትም) አለው፤ ይህን ሪትም የቆጠረ ተጋጣሚ ደግሞ መልሶ ይመታበታል። ስለዚህ ኢፖ ባሸነፈ ቁጥር ቀጣዩ ፍልሚያ ይከብደዋል። (እውነት ለመናገር፣ ከእነዚህ ግጥሚያዎች ብዙዎቹን የእውነት ዳኛ ቢሆን ቀድሞ ያስቆማቸው ነበር።)

ተጋጣሚን እንደ ክፉ ሰው ማየት ደግሞ ግማሹን ታሪክ ያሳጣል። ቮልግ ለታመመች እናቱ ብሎ ከሩሲያ ጃፓን ድረስ የመጣ ዝምተኛ ነው። የኦሳካው ሴንዶ ጣፋጭ ከምትሸጥ አያቱ ጋር ይኖራል፤ የሰፈሩ ሕፃናት ይወዱታል። ክፉ የሚመስለው ማሺባ እንኳ ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ እህቱን ያሳደገ ወንድም ነው። የቮልግን ግጥሚያ ለማን እንደሚደግፉ ሳያውቁ ከጨረሱት በትክክል አይተውታል።

ክብደት መቀነሱን እንደ ጀብድ መውሰድ ግን አደገኛ ስህተት ነው። የኢፖ ተፎካካሪ ሚያታ ቁመቱና አጥንቱ ከማይፈቅድለት የፌዘር ዌይት ሚዛን፣ ወደ 57 ኪሎ ገደማ፣ ላለመውጣት ራሱን ያስርባል፤ ታሪኩም ዋጋውን አይደብቅም። ከእሱ በፊት «አሺታ ኖ ጆ» የተባለው ማንጋ ይህንኑ እስከ መጨረሻው ወስዶታል። ቦክሰኛው ሪኪይሺ ከዋናው ገጸ ባሕርይ ከጆ ጋር ለመግጠም ሲል ከልክ በላይ ከስቶ፣ ከፍልሚያው በኋላ ይሞታል። በመጋቢት 1970 አንባቢዎች ቶኪዮ ላይ ተሰብስበው ለዚህ የወረቀት ሰው የእውነት የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረጉለት። እንዲህ ዓይነቱን የክብደት ቅነሳ ጂም ውስጥ የሚሞክር ካለ ቀድሞ ሐኪም ያነጋግር።

ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፦ የ2000ው 75 ክፍል፣ ቀጥሎ የ2003ቱ ሁለት ተጨማሪ ሥራዎች፣ ከዚያ የ2009ኙ 26 ክፍል፣ በመጨረሻም በ2013 የጀመረው 25 ክፍል።

በዚህ በ2013ቱ ተከታታይ ማብቂያ ላይ ያሉትን ክፍሎች «የድሮ ትዝታ ነው» ብለው የሚዘሉ አሉ። እዚያ ላይ ሽማግሌው አሰልጣኝ ካሞጋዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ወጣት ሆኖ፣ ገደል ላይ የተተከለ ግንድ በቡጢ ወደ ውስጥ ሲያስገባ ይታያል። ከዚያ በኋላ ኢፖን ለምን እንደዚያ እንደሚጮህበት ይገባል።