ለድመት የሚሰጥ ማኘኪያ መጫወቻ እንዴት ይመረጣል?

የድመት ልጅ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላት 26ቱ የወተት ጥርሶቿ መውለቅ ይጀምራሉ፤ እስከ 6 ወይም 7 ወሯ ድረስ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዷ ስለሚቆጠቁጣት የቻርጀር ገመድም ሆነ የመጋረጃ ጫፍ ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች። ቁጣ አይመልሳትም። የምትነክሰው ነገር ይስጧት፣ ገመዶቹንም በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍኑ።

ከሁሉ በፊት ስለ ክር። ድመት በሥዕል ሁሉ ከክር ጥቅልል ጋር መታየቷ ብዙ ሰው አሳስቷል። ምላሷ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ጉሮሮዋ የዞሩ ስለሆኑ አፏ የገባን ክር መትፋት ይቸግራታል፤ ትውጠዋለች። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ወይም የጨጓራዋ መውጫ ላይ ከተያዘ፣ አንጀቷ ክሩን ወደ ታች ሊገፋ ሲታገል እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሰበሰባል፤ የተወጠረው ክርም አንጀቱን እንደ መጋዝ ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ የሹራብ ክር፣ ሪባን፣ የፀጉር ላስቲክና የጫማ ማሰሪያ መጫወቻ አይደሉም። በዘንግ ጫፍ በገመድ የታሰረ ላባ እርስዎ ይዘው ካጫወቷት ጥሩ ነው፤ ሲጨርሱ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበት።

ሲገዙ ሙሉ በሙሉ አፏ ውስጥ የማይገባ ይምረጡ። በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ምንም ካልጎደጎደ ለጥርሷ ይጠነክራል። በሙጫ የተለጠፈ ዓይን፣ ቃጭል ወይም ላባ ካለው አስቀድመው ነቅለው ይጣሉ፣ እሷ መንቀሏ አይቀርምና። ካትኒፕ (ሽታው ብዙ ድመቶችን የሚያነቃቃ ተክል) ያለበት መጫወቻ ለትንሽ ድመት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከ6 ወር በታች ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ግድ አይሰጣቸውም።

ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ካረጀ የጥጥ ካናቴራ 5 ሳ.ሜ ስፋትና 30 ሳ.ሜ ርዝመት ያላቸው 3 ቁራጮች ይቁረጡ። አንዱን ጫፍ በአንድነት ቋጥረው እንደ ሹሩባ አጥብቀው ይጎንጉኑ፤ ሌላውን ጫፍ ቋጥረው ትርፉን 1 ሳ.ሜ ብቻ አስቀርተው ይከርክሙት። ላልቶ ከተጎነጎነ ጥፍሯ ይያዝበታል። ካናቴራ የተመረጠው ሲቆረጥ ክር ስለማይመዘዝ ነው፤ አቡጀዲና ነጠላ ግን ጫፋቸው ይተረተራል። ድዷ ካበጠ አርጥበው፣ ጨምቀው፣ ፍሪዘር ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩትና አጠገቧ ሆነው ይስጧት።

የበሰለ የዶሮ አጥንት ለማኘኪያ አይስጧት፤ ሲሰበር ስለት ይሆናል፤ ከወጥ የወጣ ከሆነ ደግሞ ሽንኩርቱ ራሱ ቀይ የደም ሕዋሷን ይጎዳል።

መጫወቻውን በየሳምንቱ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። ፌኖል የተባለ ኬሚካል ያለበት ፀረ ጀርም አይንካው፤ የድመት ጉበት ፌኖልን በሚገባ ማስወገድ አይችልም። የተቀደደ ወይም ቁራጭ የጎደለው ካዩ አይስፉት፣ ይጣሉት።

ደጋግማ ካስመለሳት፣ ምግብ ከተወች ወይም ጥግ ይዛ ከተደበቀች ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ክር ከአፏ ወይም ከፊንጢጣዋ ተንጠልጥሎ ቢያዩ በፍጹም አይጎትቱ፤ ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን ይቆርጠዋል። ጥርሷን ከቀየረች የቆየች ድመት በድንገት ዕቃ ማኘክ ከጀመረች፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ እያኘከች ለሃጭ ካዝረከረከች፣ መጫወቻ ከመግዛትዎ በፊት አፏን ያስመርምሩ።