የተቆለፈው የእግር መንገድ፦ የምክር ቤቱ ውሳኔ በይግባኝ እንዴት ተነሣ

እንግሊዝ ውስጥ በር የተቆለፈበት የእግር መንገድ በሕዝብ መንገዶች ካርታ ላይ እንዲመዘገብ ተጠይቆ፣ የአካባቢው ምክር ቤት «ማስረጃው አይበቃም» ብሎ ውድቅ አደረገው። ስሕተቱ የዓመታቱ አቆጣጠር ላይ ነበር። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውራ መንገዶች ሕግ፣ አንቀጽ 31፣ መንገዱ የሕዝብ ነው ለመባል የሚያስፈልገውን የ20 ዓመት አጠቃቀም የሚቆጥረው ማመልከቻው ከገባበት ሳይሆን መብቱ ጥያቄ ውስጥ ከወደቀበት፣ ማለትም በሩ ከተቆለፈበት ቀን ወደ ኋላ ነው።

በመንገዱ ይሄዱ የነበሩ ምስክሮች ቅጾች እንደ አዲስ ተሞሉ፦ ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በየት በኩል። እያንዳንዱ ሰው የሄደበትን መሥመር ካርታ ላይ አስምሮ ፈረመ። ባለመሬቱን አስፈቅደው የሄዱት ከዝርዝሩ ወጡ፤ በፈቃድ፣ በድብቅ ወይም በጉልበት የተኬደ አይቆጠርም። ባለመሬቱ «መንገድ ለሕዝብ አልሰጠሁም» የሚል መግለጫ አስገብቶ እንደሆነም የምክር ቤቱ መዝገብ ታየ። ይህን መዝለል ጉዳዩን ከነአካቴው ሊያበላሽ ይችላል።

ይግባኙ ውሳኔው በደረሰ በ28 ቀን ውስጥ ለሚኒስትሩ ገባ፤ ግልባጩ ለምክር ቤቱ። ዋናው ክርክር፦ በዚህ ደረጃ መብቱ አለ ለማለት ምክንያታዊ መነሻ መኖሩ ይበቃል፤ የማስረጃው ሚዛን ማድላት የሚጠየቀው መንገዱን ካርታው ላይ የሚያስገባው ትእዛዝ ሲጸድቅ ነው። በዚህ ምክር ቤቱ ትእዛዙን እንዲያወጣ ታዘዘ። ቀጥሎ ቢያንስ 42 ቀን የተቃውሞ ጊዜ አለ፤ ተቃውሞ ከመጣ ምስክሮቹ ሚኒስትሩ በሚሾመው መርማሪ ፊት ሊጠየቁ ስለሚችሉ አድራሻቸው ይያዝ።