በእርግዝና ወቅት የተገኘ የራስና የአንገት ካንሰር እንዴት ይታከማል?

በእርግዝና ጊዜ የድድ መድማት፣ የአፍንጫ መታፈንና የድምፅ መጎርነን የተለመዱ በመሆናቸው፣ በአፍ፣ በጉሮሮ ወይም በአንገት ላይ የሚነሣ ካንሰር «ከወለድሽ በኋላ ይጠፋል» በሚል ማጽናኛ ተሸፍኖ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል ወይም ያልጠፋ የአንገት እብጠት ካለብዎ የመውለጃዎን ቀን ሳይጠብቁ ይመርመሩ። በመርፌም ሆነ በአካባቢ ማደንዘዣ ትንሽ ቆርጦ ናሙና መውሰድ በየትኛውም የእርግዝና ወር ይቻላል። አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ ኤምአርአይ ካስፈለገ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ሳይጨመር ይነሣል። የአንገት ሲቲ ስካን ለጽንሱ የሚያደርሰው ጨረር እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ የግድ ሲያስፈልግ በፍርሃት ብቻ ሊተው አይገባም።

ካንሰር መሆኑ ሲረጋገጥ ሕክምናውን የሚወስኑት የካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ እንዲሁም የጽንሱ ዕድሜ ናቸው። የካንሰር፣ የአንገት ቀዶ ሕክምና፣ የማህፀንና ጽንስ፣ የማደንዘዣና የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች በአንድነት እንዲመክሩበት ይጠይቁ፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የሚሰጡት ምክር እርስ በርሱ ሊጋጭ ይችላልና።

በዝግታ የሚያድገው የተለመደው የታይሮይድ ካንሰር በአልትራሳውንድ እየተከታተሉት እስከ ወሊድ ሊቆይ ይችላል፤ በእርግዝናው አጋማሽ በግልጽ ካደገ ወይም ወደ አንገት ሊምፍ ዕጢዎች (ንፍፊቶች) ከተዛመተ ግን በሁለተኛው ሦስት ወር ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ለታይሮይድ ካንሰር የሚሰጠው ጨረር አመንጪ መድኃኒት፣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ በእርግዝናም ሆነ በማጥባት ጊዜ ፈጽሞ አይሰጥም።

የምላስና የአፍ ካንሰር ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ቀዶ ሕክምናው በማንኛውም ወቅት ሊደረግ ቢችልም ሁለተኛው ሦስት ወር ይመረጣል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫን እናቲቱ በመጠኑ ወደ ግራ ዘንበል ብላ ትተኛለች። እርግዝና የአየር መተላለፊያን ስለሚያሳብጥ፣ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባቱ ሊከብድ እንደሚችል የማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚታሰበው የጨረር ሕክምና ነው። ሙሉው መጠን ከ66 እስከ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ይወስዳል። ማህፀኑ ከአንገት የራቀ ቢሆንም የተበተነው ጨረር ይደርሰዋል፤ እርግዝናው በገፋ ቁጥርም ማህፀኑ ወደ ላይ ስለሚቀርብ የሚደርሰው መጠን ይጨምራል። በመሆኑም የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ጽንሱ የሚያገኘውን ጨረር አስቀድሞ አስልቶ፣ በመከለያ ጭምር ከ100 ሚሊግሬይ (የአንድ ግሬይ አንድ አሥረኛ) በታች እንዲሆን ያደርጋል፤ ካልሆነ ሕክምናው እስከ ወሊድ ይዘገያል። «ይህን ያህል ሳምንት ብጠብቅ የመዳን ዕድሌ ምን ያህል ይቀንሳል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። እርግዝናን ማቋረጥ በራሱ ካንሰሩን አያድንም፤ ሕክምናው ሊዘገይ በማይችልበት ጊዜ ግን ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም፤ ውሳኔውም የእናቲቱ ነው።

ኬሞቴራፒ በመጀመሪያው ሦስት ወር አይሰጥም። ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሊታሰብ ቢችልም የሕፃኑን መስማት ሊጎዳ ስለሚችል፣ እንደተወለደ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። የደም ሕዋሳት እንዲያገግሙ መድኃኒቱ ከወሊድ ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ይቆማል፤ ከወሊድ በኋላ ከቀጠለም ጡት ማጥባት አይቻልም።