የተጣበቀ የመሪ ቴስቲና እንዴት ይወጣል

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ለሚወርድ መኪና የመሪ ቴስቲና ቀልድ አይደለም። ቴስቲና የመሪውን ዘንግ ከጎማው ክንድ ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው። ኳሱ ሲበላ መሪው ይላላል፤ ከቤቱ ከወጣ ደግሞ ጎማው ለመሪው አይታዘዝም። አዲሱን መግጠም ቀላል ነው። ፈተናው አሮጌውን ማውጣት ላይ ነው።

የቴስቲናው እግር ሾጣጣ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ወደ ክንዱ ቀዳዳ ይገባና ብረት ብረትን ነክሶ ይይዛል። ስለዚህ ዳዶው ተፈትቶም አይለቅም፤ የዓመታት ጭቃና ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ደብልዩ ዲ 40 ከዋዜማው ቢረጩበት ጥርሶቹን ያላላል እንጂ ሾጣጣው ውስጥ እምብዛም አይገባም።

መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ያድርጉ። የጎማውን ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ያላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንስተው በካቫሌቶ (በብረት መደገፊያ) ይደግፉ። ብሎኬት አይጠቀሙ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ጎማው ከወጣ በኋላ ቴስቲናውን ከዘንጉ ጋር የሚያጠብቀውን ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ። ይህን አሁኑኑ ማድረግ ይሻላል፤ ቴስቲናው ከክንዱ ከወጣ በኋላ ዘንጉ እየተወዛወዘ ያስቸግራል። ዳዶው የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት።

ኮፒሊያ በእግሩ ቀዳዳ አልፎ ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘው ሽቦ ነው፤ ጫፎቹን አቅንተው በፒንሳ ይሳቡ። ከተሰበረ ትርፉን ቆርጠው ቀሪውን በቀጭን ፖንቻ ይምቱት። ከዚያ በእግሩ ላይ ያለውን ዳዶ በ17 ወይም በ19 ቁልፍ ይፍቱ፤ ግን ጨርሰው አያውጡት። ፊቱ ከእግሩ ጫፍ ጋር እስኪተካከል ብቻ ይመልሱት። እንዲህ ሲሆን ጥርሱን ይጠብቃል፤ ቴስቲናው በድንገት ሲለቅም ዘንጉ እንዳይወድቅ ይይዘዋል።

አሁን ዋናው ሥራ ነው። ብዙ ሰው የእግሩን ጫፍ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ትርፉ ጫፉ እንደ እንጉዳይ መደፍጠጡና ዳዶው አልወጣም ማለቱ ነው። መመታት ያለበት የክንዱ ዓይን ነው፤ ማለትም እግሩ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ወፍራም ብረት፣ ያውም ከጎኑ። የ2 ኪሎ መዶሻ በአንዱ ጎን አስደግፈው በተቃራኒው ጎን በ1 ኪሎ መዶሻ በደንብ ይምቱ። ዓይኑ ለቅጽበት ቅርጹን ሲለውጥ ሾጣጣው ንክሻውን ያጣል። ፑለር (እግሩን ከቀዳዳው ገፍቶ የሚያወጣ መሣሪያ) ካለ መጀመሪያ እሱን ገጥመው አጥብቀው ከዚያ ይምቱ። ሲለቅ «ጧ» ብሎ ይሰማል። ክንዱ አልሙኒየም ከሆነ ግን መዶሻ አያስነኩት፤ በፑለር ብቻ ይሥሩ። በቴስቲናውና በክንዱ መካከል የሚመታው ሹካ መሰል መሣሪያ የኳሱን ላስቲክ ስለሚቀድ ቴስቲናው ለሚጣል ብቻ ይሁን።

አንዳንዴ ሾጣጣው ለቆ ዳዶው ሳይወጣ እግሩ አብሮ ይዞራል። ያኔ በክሪክ ቴስቲናውን ከሥር በቀስታ ወደ ክንዱ ይግፉት፤ ሾጣጣው መልሶ ሲነክስ ዳዶው ይፈታል።

እሳት የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ባይደረስበት ይመረጣል። የፍሬን ቱቦው ቅርብ ነው፣ ቴስቲናው ውስጥ ያለው ግራሶም ሲሞቅ ላስቲኩን አፈንድቶ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። እሳት የነካው ቴስቲና ተመልሶ አይገጠምም።

ቴስቲናውን ከዘንጉ ሲፈቱ ዙሩን ይቁጠሩና ይጻፉ። በአሮጌ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ረጅም ዘንግ አንደኛው ጫፍ የግራ ጥርስ (በተቃራኒው አቅጣጫ የሚፈታ) ነው፤ እምቢ ካለ በጉልበት ከመታገል በፊት ጥርሱን አይተው ያረጋግጡ።

አዲሱን በዚያው ዙር ልክ ያስገቡ። ሾጣጣውንና ቀዳዳውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ግራሶ አይቀባም፤ የሚይዘው ደረቅ ብረት ለብረት ሲነካከስ ነው። በብዙ አሮጌ ኮሮላዎች የእግሩ ዳዶ በ49 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ የመኪናዎ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ይከተሉ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ቀጣዩ ክፍተት እስኪመጣ ያጥብቁ እንጂ ወደኋላ አይመልሱ፤ የተመለሰ ዳዶ ሾጣጣውን ያላላዋል። ኮፒሊያው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

የዙር ቆጠራው እስከ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ቤት ቀስ ብሎ ለመድረስ ብቻ ይበቃል። 2 ሚሊ ሜትር ስህተት እንኳ የጎማውን አንድ ጠርዝ ቶሎ ይበላዋል። አላይመንቱ ሳይስተካከልም ቁልቁለቱን አይውረዱ።