የምጣዱ ደብተር፦ ንድፍን ከነአስተያየቱ መመዝገብ

የምሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ላይ የላሜራው ጠርዝ ከሸክላው በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለነበር ሰፌዱ ከእንጀራው ሥር አልገባ አለ። ሥዕሉ ላይ «ጠርዙ ይቀነስ» ብዬ ጻፍኩና አስተካከልነው። ከወራት በኋላ በያጁ ሊጥ እንዳይፈስ አስቦ ጠርዙን መልሶ ከፍ አደረገው። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ ለምን እንደቀነስነው የትም አልተጻፈም። ዛሬ ያው መስመር ደብተሬ ላይ እንዲህ ይነበባል፦ «ጠርዙ ከሸክላው ገጽ ጋር እኩል ይሁን፤ ሰፌድ የሚገባው በአግድም ነውና። ሊጥ የሚፈስ ከሆነ ሌላ መላ ይፈለግ።»

ሥራውን የምጀምረው በአንድ ገጽ ሐሳብ ነው። ከላይ የማይለወጠውን አሰፍራለሁ፦ ሸክላው 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መስመሩ 220 ቮልት፣ ጉልበቱ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል። ይህ ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ ለብቻው የተዘረጋ መስመር ይፈልጋል፤ ስለ ቀለምና ስለ እግር ክርክር ሳይነሣ መጻፍ ያለበት ነገር ነው። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ንድፍ በእርሳስ፣ በመጨረሻም አንድ ጥያቄ። «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ጥሩ ነው» ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። «ይህን ክዳን በአንድ እጅ ማንሣት ይቻላል?» በሉ።

ሁለተኛው ደረጃ ካርቶን ነው። በትክክለኛ መጠኑ ቆርጣችሁ ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት በር እንኳ ብዙ ያስተምራል። ፎቶ ስታነሡ ሜትር አጠገቡ ዘርጉ፤ ያለ ልኬት የተነሣ ፎቶ ከወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም።

ሦስተኛው ደረጃ እውነተኛው ናሙና ነው፤ እኔም ብዙውን ጊዜዬን የምሰጠው ለእርሱ ነው። ጋጋሪዋ በራሳቸው ሊጥ፣ በራሳቸው ማሰሻ ይጋግሩ። አንድ ሁለት እንጀራ አይበቃም፤ ምጣዱ ጠባዩን የሚያሳየው ደጋግሞ ሲጋገርበት ነው። ገጹን በሦስት ዓምድ እከፍለዋለሁ፦ ያሉት፣ ያደረጉት፣ እኔ የገመትኩት። ሦስቱ ከተደባለቁ የራሳችንን ግምት የሰው ምስክርነት አድርገን እንይዘዋለን።

ለማስቀመጥ ይመቻል ብዬ ጠፍጣፋ ክዳን ሠርቼ ነበር። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት አራተኛውን እንጀራ ሲያወጡ፣ «ልጄ፣ ላቡ እንጀራው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። አክንባሎ ለምን ሾጠጥ እንዳለ አልጠየቅህም?» አሉኝ። ይህን እንዳሉት ጻፍኩት። «ያደረጉት» በሚለው ዓምድ ደግሞ ክዳኑን ባነሡ ቁጥር ውስጡን በጨርቅ ሲጠርጉት እንደነበር ሰፍሯል፤ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸው ነግሮኛል። «ሙቀት ጎድሎታል» የሚለው የእኔ ግምት ስህተት ነበር፤ አልፋቅሁትም፣ አሁንም እዚያው አለ።

ከዚያ የውሳኔ ገጽ ይከተላል። እያንዳንዱ አስተያየት ተቀብለነው፣ ትተነው ወይም አቆይተነው እንደሆነ ከነምክንያቱ ይጻፋል። የተተወውን በተለይ በጥንቃቄ ጻፉት፤ ተመልሶ የሚመጣው እርሱ ነው። ቀኑ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ፤ የእኔ ደብተር በአንዱ፣ የሬዚስታንሱ (የማሞቂያ ሽቦው) ደረሰኝ በሌላው እየተጻፈ የትኛው ናሙና ቀድሞ እንደተሠራ ጠፍቶን ያውቃል። አስተያየት ለሰጠው ሰውም ውሳኔውን አሳዩት። እኒያ እናት ሾጣጣውን ክዳን ሲያዩ ሳልጠይቃቸው ስለ እጀታው ሌላ ሦስት ነገር ነገሩኝ።

አሁን በእጄ ባለው ናሙና አንድ ጥያቄ አልተዘጋም፦ የክዳኑ ማጠፊያ በስተኋላ ይሁን ወይስ በስተግራ? እስካሁን የሞከሩት ሁሉ በቀኝ እጃቸው የሚጋግሩ ናቸው፤ ገጹ ግራኝ ጋጋሪ እስካገኝ ክፍት ነው።