ማታ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ከሥራ ለሚወጡ አዋቂዎች እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ከሆነ፣ ከተማሪው ስህተት በፊት እነዚህን የራሳችሁን አርሙ።

ከዜሮ መጀመር፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ማታ የሚመጣው ተማሪ ሰዋስው አይቸግረውም። የግሱን እርባታ ይዘረዝርላችኋል፤ አፉ ግን አልተፈታም። 60 ደቂቃ ካላችሁ ገለጻው ከ10 አይለፍ፤ ቀሪው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚያወሩበት ይሁን። አንዱ ከአራት ኪሎ ሐውልት እስከ ምኒልክ ሐውልት መንገድ ያሳይ፣ ሌላው እየሰማ ካርታ ይሳል። ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡ፤ ከተያዩ በጣት ይጠቋቆሙና ወሬው ይቀራል።

«ገባችሁ?» ማለት፦ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር አሠሯቸው፤ ያኔ ይታያል።

ንግግር መሃል ማቋረጥ፦ አለቃና ጸሐፊው አንድ ክፍል ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። አለቃው አንዴ ከታረሙ ዳግም አይናገሩም። ስህተቱን ያዙና መጨረሻ ላይ 3 ዓረፍተ ነገር ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጻፉ።

ከሥር ያለውን አማርኛ አለመስማት፦ ትልቁ ጥፋት ይኼ ነው። «አልበላህም?» ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ተማሪው «የስ» ይላል፤ በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» እንደሚባለው። ፈረንጁ ግን በልቷል ብሎ ይተወዋል። ከጓደኛው ጋር ሲጫወት ማምሸቱን በ«ፕሌይ» ሲናገርም ሰሚው ኳስ ይመስለዋል። ድምፅም ላይ እንዲሁ ነው፤ «ስኩል» «እስኩል» ይሆናል። «እ» አትበል ብሎ መቆጣት አይሠራም። «ስስስስ» እያለ 3 ሰከንድ ያህል ያስረዝምና ሳያቋርጥ «ኩል» ይበል፤ «እ» መግቢያ ታጣለች። «ሃፒ» ላይ ደግሞ በላቲኑ ሁለት ፊደል ስለሚያይ ያጠብቃል፤ «ገና»ን ከ«ገና» በመጥበቅ የሚለይ ቋንቋ ተናጋሪ ስለሆነ አይፈረድበትም፣ ግን አላልተው አስነብቡት።

ሰዓትን ቁጥር ብቻ አድርጎ ማለፍ፦ የጠዋት 3 ሰዓት ለፈረንጆቹ 9 ነው፤ 6 መደመሩን ሁሉም ያውቃል። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ማለትም ለረቡዕ አጥቢያ፣ በእነሱ አቆጣጠር የረቡዕ 2 ሰዓት ነው። ተማሪው አውሮፕላኑ የሚያርፍበትን «ማክሰኞ 2 ሰዓት» ብሎ ከጻፈለት፣ እንግዳ ተቀባዩ አንድ ቀን ቀድሞ ቦሌ ይገተራል።